ሞቱን ሳናይ የተውነው ከርከሮ

ስለዚህ ስለማነክሰው እግሬ ትጠይቁኝ የለ፤ እንግዲህ ስሙ።

ጥቅምት ነበር፤ የጨፋ ሜዳ ማሽላ እሸቱ አልፎ ፍሬው መጠንከር የጀመረበት። ሁለት ዓመት በተከታታይ ዝናብ ከድቶን፣ በሬዎቼ አልቀው፣ በሰው በሬ ያረስኩት ያ ማሳ ብቻ ነበር የቀረን። ልጆቼ የሚበሉት ሌላ ነገር አልነበረም። ያንኑ ደግሞ ከርከሮ አገኘው። ማለዳ ማለዳ ከቦርከና ወንዝ ዳር፣ ከረጅሙ የፊላ ሣር ውስጥ እየወጣ ግማሹን በልቶ ግማሹን ረግጦት ይሄዳል።

የባለቤቴ የዘይነባ ታላቅ ወንድም፣ አያ ይማም፣ ጦሩን ይዞ መጣልኝ። በዚያ ሰሞን ጥይት ከጮኸ አገር ይሸበራል፤ ስለዚህ በጦር ብቻ ወጣን። ጤዛው ገና አልረገፈም። ኮቴው ትኩስ ነበር፣ ውሃ እንኳ አልቋጠረም። አገዳው መሃል አጎንብሶ ሲበላ ደረስንበትና ጎኑን ወጋሁት። ጦሬን ስነቅል ጥቂት ሮጦ ፊላው ውስጥ ወደቀ።

የሚበላ አውሬ ቢሆን ተከትለን ባረድነው ነበር። ከርከሮ ግን ሐራም ነው፤ ሬሳውን ማን ብሎ ያየዋል?

«ተወው፣ ጅብ ይብላው» አለ አያ ይማም።

ወደ ወንዙ ወረድን። ደሙ የነካው ጦር ሰባት ውሃ፣ አንዱን በአፈር፣ ሳይታጠብ ቤት አይገባም፤ አባቶቻችን ያስተማሩን እንዲያ ነው። ጎንበስ ብዬ እየቆጠርኩ አጥባለሁ። አምስተኛው ላይ ከኋላዬ ፊላው ተንኮሻኮሸ።

«ካኢ! ተነስ ወንድሜ!» ብሎ ጮኸ አያ ይማም።

እንዴት ልነሳ? በጭቃ ያሸሁት ጦር ከእጄ አዳልጦ ውሃ ገባ። ሞተ ብለን የተውነው ከርከሮ ነበር፤ ክራንቻው ከጉልበቴ በታች ገብቶ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ቀደደኝ። ትንፋሹ ፊቴ ላይ ነበር። ወላሂ፣ ያን ጊዜ የታየኝ ሞቴ አልነበረም፤ ማሽላው ነበር። ማን ይጠብቀዋል? አያ ይማም ጦሩን አንገቱ ላይ ተክሎ በደረቱ ተጫነው። አሁን ግን እንዲሁ አልተወውም፤ በእግሩ ገልብጦ፣ አለመተንፈሱን አየ።

ሽርጡን ቀዶ እግሬን አሰረልኝ። ከዚያ ጦሩን አየ፣ እግሬን አየ።

«አብሽር፣ እንግዲህ ጦሩም እግርህም ሰባቱን ውሃ ከአንድ ይጀምራሉ» አለኝ። በዚያ ሕመም ውስጥ ሳቄ መጣ።

እኔ ከሚሴ ሐኪም ቤት ተኝቼ ስታከም፣ አያ ይማምም እኔን ሲያስታምም፣ የቀሩት ከርከሮዎች ማሳውን ጨረሱት። ዘይነባ ከወዳደቀው ጥቂት ዛላ ለቅማ ለዘር ጭስ ላይ ሰቀለችው። በጋውን ሙሉ ልጆቹ ርቧቸው ሲያለቅሱ ቀና ብላ ታየዋለች፤ እኔም አየዋለሁ። አብረናቸው አለቀስን፣ ግን አላወረድነውም።

ሚያዝያ ላይ በምርኩዝ ባዶው ማሳ ላይ ቆምኩ። ሰማዩ ላይ አንድ ደመና የለም። ዘይነባ ዘሩን ፈልፍላ በቁና ይዛ መጣች።

«ምን ይሻላል?» አለችኝ።

«ከአንድ እንጀምራለን» አልኳት። ተስፋ ኖሮኝ አይደለም፣ ልጆቼ። ሌላ ቃል አጥቼ ነው።

ከዚያ ወዲህ ሐራም ቢሆንም ሞቱን ሳላይ ለአውሬ ጀርባዬን አልሰጥም። የዝናቡን ነገር ግን ዛሬም አላውቅም። ሰማዩን አይታችሁታል፣ ያው ነው። ዘንድሮም ዛላውን ለዘር ከጭሱ አውርደነዋል።