ግምጃ ቤት የማይደርሰው ሬዲዮ

የሻረግን እንጅባራ ውስጥ የማያውቃት የለም፤ የከተማዋ ትንሽ የማኅበረሰብ ሬዲዮ ብቸኛ ቴክኒሻን ናት። ከተማው ውስጥ ሬዲዮው እንደ ጉድ ይሰማል። ራቅ ብላ ባለችው በግምጃ ቤት ከተማ፣ እናቷ ወይዘሮ ይመኙሽ ዘንድ ግን፣ ካለፈው ወር ወዲህ ሹክሹክታ እንኳ የለም። ይሄ ደግሞ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ፤ ወይዘሮዋ «ሬዲዮውን የምታስወራው ልጄ ናት» ብለው ለማኅበርተኛው ሁሉ አውርተዋል። አሁን ጎረቤቱ በሽሙጥ ሊገድላቸው ነው።

«አንቺ ልጅ፣» አሉ በስልክ፣ «እሑድ ማኅበሩ እኔ ቤት ነው። ያን ቀን ካልተሰማ ሰው ፊት አልወጣም። ውሸታም አሰኘሽኝ እኮ!»

«እማ፣ ዛሬውኑ አየዋለሁ። በይ አትናደጅ።»

የሻረግ ስፔክትረም አናላይዘር የሚሉትን የሞገድ መለኪያ ታቅፋ የአንቴናው ምሰሶ ሥር ቁጭ አለች። መለኪያው በኬብሉ ሞገድ ይልካል፤ አንቴናው ከተቀበለው ወደ ሰማይ ይለቀዋል፣ ካልተቀበለው ተመልሶ ይመጣል። የተመለሰው ምን ያህል እንደሆነ ስክሪኑ ያሳያል። ለካች። የስክሪኑ መስመር ወደ ታች መውረድ ሲገባው ንቅንቅ አላለም። ወይ ጉድ! የላከችው አብዛኛው ተመልሶ መጥቷል፤ ሾልኮ የሚወጣው ለከተማው ብቻ የሚበቃ ነው። አንቴናውን ለብቻው ለካችው፤ ደህና ነው። ኬብሉንም ለካችው፤ ደህና ነው። የቀረው በሁለቱ መሀል ያለው ማገናኛ ነው።

ፈታችው። ውስጡ ቢጫ ነገር ተጠቅጥቆበታል። አሸተተችው። ኮሰረት! የእናቷ ንጥር ቅቤ!

ለካ ባለፈው ወር ወይዘሮ ይመኙሽ ቅቤ ይዘው ሊጠይቋት መጥተው፣ ልጅቱ ሻይ ልታመጣ ዘወር ስትል፣ አዲሱን ማገናኛ ጠረጴዛ ላይ አግኝተውታል። የሟች ባላቸውን ፈረስ ልጓም ዝናብ እንዳያዝገው ሁሌ ቅቤ ይቀቡት የለ? ለዚህም ሳይሰስቱ ጠቀጠቁለት። የሻረግም ዝናብ እየመጣባት ስለቸኮለች ውስጡን ሳታይ ገጠመችው።

ሳቋም ንዴቷም እኩል መጣ፤ ሳቋ ቀደመ። በአልኮል አጥባ፣ አድርቃ መልሳ ስትገጥመው መስመሩ ቁልቁል ወረደ።

እሑድ ሬዲዮው ግምጃ ቤት ጥርት ብሎ ተሰማ። አስተዋዋቂው ሀይለመለኮት የወይዘሮዋን ስም ጠርቶ ሰላምታ ሲያቀርብ ማኅበርተኛው እልልታውን አቀለጠው። የሻረግ ወዲያው ደወለች።

«ሰማሽ እማ?»

«እንዴታ! በምን እንደተሰማም ለሁሉም ነገርኳቸው።»

«በምን?»

«ያን ብረት ቅቤ ቀብቼልሽ አልነበር? እስኪሠርፅ ነው ወር የፈጀ!»

የሻረግ እውነቱን ልትነግራቸው ነበር። በስልኩ ውስጥ እናቷ ሲስቁ ይሰማታል፤ ወሩን ሙሉ እንዲህ ስቀው አያውቁም። አንጀቷን በሉት።

«አዎ እማ፣» አለች፣ «ቅቤሽ ነው።»

ሰኞ ጠዋት ከግምጃ ቤት አሥራ ሁለት ሰው ደወለ። ማኅበርተኛው ሁሉ ማታ ቤቱ ገብቶ የየራሱ ሬዲዮ ውስጥ ቅቤ ጠቅጥቆ ኖሯል፤ አሁን ድምፅ የሚባል ነገር የለም፤ እስኪሠርፅ ስንት ቀን እንደሚፈጅ ቴክኒሻኗን ሊጠይቁ ነው።