የቤዛ ማተብ

ይህን ነገር እስከ ዛሬ ከአፌ አውጥቼው አላውቅም። ለባሌ አልነገርኩትም፣ ለእናቴም አልነገርኳትም። የነፍስ አባታችን ቤታችን በመጡ ቁጥር ጾም መግደፌን፣ ሰው ማማቴን፣ እሑድ ሥራ መግባቴን እዘረዝርላቸዋለሁ። እግዚአብሔር ይፍታሽ ይሉኛል፤ እኔም ተነሥቼ ሻይ አቀርባለሁ። ይቺን አንዷን ግን ሁልጊዜ እዘላታለሁ። ለእሳቸው የደበቅኩትን ለማላውቃችሁ ለእናንተ መንገሬ ድፍረት ነው ወይስ ፍርሃት? እኔ ፍርሃት ነው እላለሁ። እናንተ ቀና ብላችሁ ዐይኔን አታዩትማ።

ልጄን በሐሰት አስመሰከርኳት። የስምንት ዓመት ልጅ ነበረች። በማተቧ አስምዬ ነው ያስመሰከርኳት። ነገሩ ይኸው ነው፤ የቀረው እንዴት እንደሆነ ነው።

ያኔ እዚህ በስደት አገር፣ ዌስተን የሚባል ሰፈር፣ ባቡር ጣቢያው አጠገብ፣ የኪራይ አፓርትመንት አምስተኛ ፎቅ ላይ ነበርን፤ እኔና ቤዛ ብቻችንን። ባሌ አገር ቤት ነው፤ እንዲመጣ ስፖንሰር አድርጌዋለሁ፣ ፋይሉ ግን ገና አላለቀም። እኔ ኢቶቢኮ አንድ ዌርሃውስ፣ የዕቃ መጋዘን ውስጥ ካርቶን አሽጋለሁ። ከሺፍት እስክመለስ ቤዛን ከትምህርት ቤት ተቀብለው የሚያቆዩልኝ ጎረቤታችን ፓርቪን ነበሩ። ኢራናዊት ናቸው፤ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ልጆቻቸው የራቋቸው አሮጊት። አንድ ቀን ክፈይኝ ብለውኝ አያውቁም።

ቅዳሜ ከሰዓት ፓርቪን የአገራቸውን ፊልም ይከፍቱልን ነበር። የልጆች፣ የቤተሰብ ፊልም ነው፤ ጥይት የለበት፣ መሳሳም የለበት። ድሃ ቤት፣ አንድ ልጅ፣ አንድ የጠፋ ነገር፣ ከዚያ ሩጫ ብቻ። እሳቸው በተሰባበረ እንግሊዝኛ ያስረዳሉ፣ ቤዛ በተሰባበረ አማርኛ ለኔ ታቀብለኛለች። አንዱ ከልቤ አልወጣም። አንዲት ልጅ ዳቦ ትላካለች፤ ጋጋሪው ተሳስቶ አንድ ጨምሮ ይሰጣታል። ቤት ገብታ ስታየው ትርፍ ነው። ወንድሞቿ ርቧቸዋል፣ ዐይናቸው ዳቦው ላይ ተተክሏል። እሷ ግን በጨርቅ ጠቅልላው በዚያ ጭቃ እየሮጠች ትመለሳለች፤ ሱቁ ተዘግቷል፤ የጋጋሪውን ቤት ስትፈልግ ፊልሙ ያልቃል። እኔ ሳቅኩ። ይቺ ጅል፣ ማን ያውቅባት ነበር አልኩ። ቤዛ ዞር ብላ አየችኝና፣ «እማዬ፣ እሷ ታውቃለች እኮ» አለችኝ።

ፓርቪን እነዚህ ልጆች ተዋናይ አይደሉም ብለው ነበር። ከሰፈር የተለቀሙ ናቸው፤ ልጅ ካሜራ ፊት መዋሸት ስለማይችል ነው የሚያስለቅሱን አሉ። የኔም ቤዛ እንደዚያው ነበረች። ሊፍት ውስጥ አንድ ጓንት ብታገኝ በር ለበር እያንኳኳች ባለቤቱን ትፈልጋለች። ሕንፃውን የሚጠብቀው ሱፐር እንኳ «ቤዛ ካለች ልክ ነው» ይል ነበር። ይህን ስሰማ እንዴት እንደምኮራ ብነግራችሁ አታምኑኝም።

ኅዳር ላይ ብርዱ ገባ። የቤዛ የዊንተር ጃኬት አጥሯታል፤ እጅጌው ክንዷ ላይ ቀርቷል። አንድ ቅዳሜ ጠዋት አብረን ልብስ ልናጥብ ምድር ቤት ወደ ላውንድሪ ወረድን። ማድረቂያው ድራየር ውስጥ አንድ የልጅ ጃኬት ደርቆ ተቀምጧል፤ ሰማያዊ፣ ወፍራም፣ ኮፍያ ያለው። የኛ ልብስ ታጥቦ እስኪወጣ ማንም አልመጣለትም። በዐይኔ ለካሁት፤ ልክ የቤዛ ነው። ወሰድኩት። ከአንሶላችን ሥር ቅርጫት ውስጥ ከተትኩት። ቤዛ አየችኝና የማን ነው አለች። የኛ ነው አልኳት።

ከሰዓት ለፊልሙ ስንሄድ ፓርቪን ተናደው በር ላይ ጠበቁን። ለቤዛ ከሰልባጅ ሱቅ ጃኬት ገዝቼላት ነበር፣ አጥቤ ልስጣት ብዬ ድራየር ከትቼው ሰው ወሰደው አሉ። ሰማችሁኝ? ለቤዛ። የገዛ ልጄን ስጦታ ነው የሰረቅኩት።

ያኔ በሳቅ ማለቅ ይችል ነበር። እኔ ነኝ፣ ባለቤት የሌለው መስሎኝ ነው ብል ኖሮ ፓርቪን ሆዳቸውን ይዘው ይስቁ ነበር፤ ቤዛም ጃኬቷን ለብሳ ትሄድ ነበር። አንድ ቃል ነው የጎደለኝ። ልጄን በነጻ የሚጠብቁልኝ ሴት ሌባ መሆኔን እንዳያውቁ ብዬ፣ እኔ ደግሞ «ምን ዓይነት ሰው ነው እንዲህ የሚያደርገው» አልኳቸው። ቤዛ አጠገቤ ቆማ ትሰማኛለች።

ሰኞ ፓርቪን ለሱፐሩ ተናገሩ። እሱም ይጣራል፣ ካስፈለገ ፖሊስ ኮል አደርጋለሁ አለ። ፖሊስ ከመጣ ስሜ ይጻፋል፣ ስሜ ከተጻፈ የባሌ ፋይል ይበላሻል ብዬ አሰብኩ። ማን ነገረኝ? ማንም። እኛ እንዲህ ነን፤ ቢሮ ሁሉ አንድ ዶሴ ላይ የሚጽፍብን ይመስለናል። ለአንድ አሮጌ የልጅ ጃኬት ፖሊስ እንደማይመጣ የገባኝ በኋላ ነው። ቀድሞ ቢገባኝስ እውነቱን እናገር ነበር?

የሕንፃው ጽዳት ሠራተኛ ሲልቫ የሚባል ዝምተኛ ሰው ነበር። ባለቤት ያጣ ልብስ ሲያገኝ በጥቁር ፌስታል እየሰበሰበ ለቤተ ክርስቲያኑ ይወስዳል፤ ይህን የማያውቅ የለም። ስለዚህ ጥርጣሬው ወደ እሱ ዞረ። ያየው ሰው ግን የለም። ሱፐሩ ያን ጠዋት ላውንድሪ የነበራችሁት እናንተ ናችሁ፣ ነገ ልጠይቃት አለኝ። ልጠይቅሽ አላለኝም። ቤዛን ነው ሊጠይቅ የፈለገው።

ከትምህርት ቤት እንደመጣች መታጠቢያ ቤት አስገብቼ በሩን ዘጋሁ። ሲልቫ በፌስታል ሲወስደው አይቻለሁ በይ አልኳት። አላየሁም እኮ አለች። አባትሽ እንዲመጣ አትፈልጊም ወይ አልኳት። እፈልጋለሁ አለች። እንግዲያው እንዲያ በይ፣ እውነቱን ለማንም ላትናገሪ ደግሞ ማተብሽን ይዘሽ ማዪልኝ አልኳት። ማተቧ ክርስትና ስትነሣ ቄሱ ያሰሩላት ጥቁር ክር ናት፣ ትንሽ የእንጨት መስቀል ያለባት። መስቀሏን በጣቶቿ ያዘች። ማለች። እናቴ «በማተቤ» ካለች ሞት ቢመጣ ቃሏን አታጥፍም ነበር። እኔ የማተብን ክብር ከእሷ ተምሬ ለልጄ ምን አደረግኩበት?

በማግስቱ ሕንፃው መግቢያ ላይ፣ ሎቢው ውስጥ፣ ሱፐሩ ጎንበስ ብሎ ጠየቃት። ፓርቪን ቆመዋል፤ ሲልቫም መወልወያውን ይዞ ቆሟል። ትደናገራለች፣ ታለቅሳለች ብዬ ነበር። እውነቱን ልናገርና፣ እንድታለቅስ ፈልጌም ነበር፤ ብታለቅስ እዚያው ያበቃ ነበር። አላለቀሰችም። ሲልቫን ቀና ብላ አየችውና፣ ጥርት ባለ ድምፅ፣ በጥቁር ፌስታል ሲወስደው አይቻለሁ አለች። ሰውየው አልተከራከረም። መጀመሪያ እሷን አየ፣ ቀጥሎ እኔን አየ። እኔ ወለሉን አየሁ። ቤዛ ካለች ልክ ነው። በሳምንቱ ሌላ ጽዳት ሠራተኛ መጣ።

ያን ቀን ቤት እንደገባን ቤዛ ከወጥ ቤት መሳቢያ መቀስ አወጣች። ማተቧን ቆርጣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። አልተቆጣችም፣ አላኮረፈችም። «ከእንግዲህ አይሠራም» አለችኝ። ሌላ አሰርኩላት፤ ከቤት ስትወጣ ታወልቀዋለች። ፓርቪን ቤት ፊልም እንይ ስላት ሆዴን አመመኝ ትላለች። ሆዷን እንዳላመማት አውቃለሁ፤ ግን በምን አፌ ውሸት ነውር ነው ልበላት?

ጃኬቱን ማን ይልበሰው? አልጋ ሥር ሻንጣ ውስጥ ከረመ። ቤዛ ያን ዊንተር ሙሉ እጅጌው ባጠረው አሮጌ ጃኬቷ ወጣች፤ ፓርቪን አዝነው የእጅ ሹራብ ሠሩላት። ባሌ በጸደዩ መጣ፤ ፋይሉን የነካው ሰው አልነበረም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። የኔ እያደር ደፈረሰ።

ፓርቪን አምና አረፉ። ልነግራቸው ቆርጬ ሆስፒታል ሄጄ ነበር። እጄን ይዘው፣ ያቺ የማትዋሸው ልጅ እንዴት ናት አሉኝ። ደህና ናት አልኳቸውና ብርቱካን ልጬላቸው ወጣሁ። ሲልቫንስ ፈልጌዋለሁ ልበላችሁ? አልፈለግኩትም። አንድ ጊዜ ጣቢያው ላይ የሚመስለው ሰው አይቼ በሌላኛው በር ወጣሁ። ሥራ አገኘ፣ አላገኘ፣ ልጆች ነበሩት፣ አልነበሩት፣ አላውቅም። እንዳላውቅ ሆኜ ነው የኖርኩት።

ቤዛ አሁን ሃያ አንድ ዓመቷ ነው። ክሬሰንት ታውን የሚባል ሰፈር ከጓደኛዋ ጋር ትኖራለች። እሑድ እሑድ ኮል ታደርግልኛለች፤ ሥራም ጥሩ፣ ትምህርትም ጥሩ፣ ሁሉም ጥሩ ነው ትለኛለች። አንዱንም አላምናትም። ልጇን የማታምን እናት ምን ዓይነት እናት ናት? ልጇን ራሷ ያበላሸች እናት ናት።

ይቅር በሉኝ አልላችሁም። የተበደላችሁት እናንተ አይደላችሁም፤ ይቅር ማለት የሚችሉት አንዷ ሞታለች፣ አንዱን አባርሬዋለሁ፣ አንዷ ደግሞ ባለፈው እሑድ ቤቴ መጥታ ነበር። ምሳ በልተን እኔ ሳህን አጥባለሁ፣ እሷ ታደርቃለች። ከዚህ በላይ አልችልም ብዬ፣ ወደ ግድግዳው እያየሁ፣ የሲልቫን ነገር ታስታውሻለሽ ወይ አልኳት። እጇ ለአንድ አፍታ ቆመ። ከዚያ ሳህኑን ማድረቋን ቀጠለች።

«ኖ፣ ማም» አለችኝ። «ማነው ሲልቫ?»

ድምፅዋ ጥርት ያለ ነበር። ያንን ድምፅ አውቀዋለሁ፤ ሎቢው ውስጥ ሰምቼዋለሁ። ለኔ አዝና ነው የዋሸችኝ። ውሸቱን ከኔ ተማረች፤ ማዘኑን ከማን እንደተማረች አላውቅም። አትዋሺኝ፣ እኔ ነኝ ያስዋሸሁሽ ማለት ነበረብኝ። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ሳህኑን ከእጇ ተቀብዬ ወደ ቦታው መለስኩት።

«ማንም አይደለም» አልኳት።