ከደራ የመጣው የብረት ቆብ

ሙሉብርሃን አዳማ ውስጥ ከመናኸሪያው ጀርባ ፀጉር ቤት አለው። ደንበኞቹ የሚያውቁት ግን በመቀሱ ብቻ ሳይሆን ከመስታወቱ በላይ በደረደራቸው አሮጌ የጃፓን ወታደር ቆቦች ጭምር ነው። የመጀመሪያውን የሰጡት ኮሪያ የዘመቱ አንድ ሽማግሌ ደንበኛው ናቸው፤ ሲመለሱ ቶኪዮ ገበያ ላይ የገዙት፣ ግንባሩ ላይ ቢጫ ኮከብ የተሰፋበት የጨርቅ ቆብ ነበር። ከዚያ ወዲህ የዘማች ቤተሰብ አለ በተባለበት ሁሉ፣ እስከ ሻሸመኔ ድረስ እየሄደ ያጠያይቃል።

ባለቤቱ እንቁ፣ "ሰው ሀብት ይሰበስባል፣ አንተ የሙታን ቆብ!" ትለዋለች። እሱ ይስቃል።

የብረት ቆብ ግን አልነበረውም። አምና ጂብሪል የሚባል የሚኒባስ ሾፌር ፀጉሩን እየተቆረጠ ቀና ብሎ ቆቦቹን አየና፣ "እንደዚህ ኮከብ ያለበት ብረት ደራ አይቻለሁ። ዶሮ ተኝታበታለች" አለው።

ሙሉብርሃን በማግስቱ ሱቁን ዘግቶ ደራ ሄደ። የብረቱ ባለቤት ወይዘሮ የሺዓለም፣ ዓይናቸው የደከመ አሮጊት፣ ወደ ጓሮ ወሰዱት። ቆቡ ተገልብጦ ጭድ ተሞልቶበታል፤ ቀይ ዶሮ እንቁላል ታቅፋበታለች።

"እማማ፣ ለእሷ ሌላ ዕቃ ላምጣላትና ይህን ይስጡኝ?"

"አሁን ከነካካሃት እንቁላሉን ትታው ትነሳለች። ስትፈለፍል ና።"

እስክትፈለፍል መታገሥ ግን አልቻለም። በሳምንቱ ስኳር ይዞ ተመለሰ፤ በሚቀጥለውም ሄደ። ቁጭ ብለው ሲጫወቱ ወይዘሮ የሺዓለም ስለ ሟች ባለቤታቸው ስለ አሥር አለቃ ኃይለየሱስ አወሩለት። አሥር አለቃው ኮሪያ ላይ ቆስለው ጃፓን ሆስፒታል ተኝተው ነበር። ሲሰናበቱ ቆቡን የሰጣቸው ቁስላቸውን ያጥብላቸው የነበረ ጃፓናዊ ነው። በዓለም ጦርነት የሞተው ወንድሙ ቆብ ነበር።

"ባለቤቴ ሙታኑን ሲያስብ ያንን የሞተውን ወንድም አይረሳውም ነበር። 'ስሙን እኔ ባላውቀው እግዜር ያውቀዋል' ይል ነበር።"

"ታዲያ እንዴት ለዶሮ ሰጡት?"

"ሳጥን ውስጥ ተቆልፎ ሲዝግ ከፋኝ። እዚህ ሲሆን በየቀኑ አየዋለሁ።"

ሙሉብርሃን በማይረባ ምኞት የሰው ትዝታ ሊወስድ እንደመጣ ተሰማው። ጫጩቶቹ ወጡ ተብሎ ሲደወልለት ሄደ፤ ወይዘሮ የሺዓለም ቆቡን አጥበው ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ጠበቁት።

"እማማ፣ ይቅር፤ እዚሁ ይሁን" አላቸው።

ተቆጡ። "እኔ ስሞት ልጆቼ ለቆራሌው ነው የሚሰጡት! ከልጆቼ አንዱም ስለ አባቱ ቆብ ጠይቆኝ አያውቅም። አንተ ጠየቅህ። ውሰደው፤ ግን ታሪኩን ሳትነግር ለማንም አታሳይ።"

ወሰደው። ኮከቡን ብቻ በጨርቅ ወልውሎ ሌላውን እንዳለ ተወው። "ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?" ያለ ደንበኛ ሁሉ መቀሱ እስኪመለስ ይጠብቃል፤ ሙሉብርሃን ሥራውን አቁሞ ይተርካል።

በዚህ ዓመት ወይዘሮ የሺዓለም ለዓይን ሕክምና አዳማ መጡና ፀጉር ቤቱ ጎራ አሉ። ዓይናቸው ከፍ ያለውን መደርደሪያ ስለማያይላቸው ሙሉብርሃን ቆቡን አውርዶ እጃቸው ላይ አኖረው። በጣታቸው ኮከቡን ዳሰሱ።

"ለሰው ትናገራለህ?"

"እናገራለሁ እማማ። የአሥር አለቃንም፣ የጃፓኑንም።"

"ጎሽ" አሉ። ትንሽ ይዘውት ቆዩና መለሱለት። ከዚያ ፀሐይ ሳይበረታ ደራ የሚሄድ ሚኒባስ እንዲፈልግላቸው ጠየቁት።