በእማማ ጫልቱ አጥር ላይ የነበረችው እስስት

ይህን ለሰው ተናግሬው አላውቅም። ነገሩ ግማሹ የተፈጸመው በእህቴ በረንዳ ላይ ነው፤ ለእሷ እንኳን ሙሉውን አልነገርኳትም። ለመቅደስ መንገር ሲገባኝ ለእናንተ የምናገረው ፈሪ ስለሆንኩ ነው። እናንተ ፊቴን አታዩትም።

ልደታ ኮንዶሚኒየም ከታላቅ እህቴ ጋር እኖራለሁ፤ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ሞባይል እጠግናለሁ። ቅዳሜ ሲመጣ ግን ሌላ ሰው ነኝ። ሜክሲኮ ባንክ ውስጥ ከምትሠራው ጓደኛዬ ከመቅደስ ጋር ካሜራችንን አንግተን ወደ ሆለታ መንገድ እንወጣለን። ጉርጥ ይሁን እንሽላሊት፣ ከቀናን ሚዳቋም፣ ያገኘነውን እናነሳለን። መቅደስ አንድ ሕግ አላት፤ እንስሳ አይነካም። ድንጋይ ገልብጠን ካየን እንኳን እንደነበረ መልሰን ነው የምንሄደው። እኔም በዚህ ሕግ ስምል ስገዘት ነበር።

እስስቷን ያገኘቻት እሷ ናት። በዚያው መንገድ ካለች አንዲት መንደር ዳር የሚኖሩ እማማ ጫልቱ የሚባሉ ሴት አጥር ላይ፣ ቁጥቋጦው ውስጥ። ሆዷ ተነፍቷል። የዚያ አገር እስስት እንቁላል አትጥልም፣ ልጆቿን ነው የምትወልደው፤ ይህን የነገረችኝ መቅደስ ናት። ስትወልድ ማንሳት! እማማ ጫልቱ እንደ ብዙ ሰው እስስት ይፈራሉ፤ ስናሳያቸው አማትበው ወደ ኋላ ሸሹ። መቅደስ ለምና ለምና አሳመነቻቸው። “ለአንቺ ስል ነው ልጄ” ብለው አጥሩን ሳይከረክሙ ተዉት። ከዚያ በኋላማ ቅዳሜ በመጣን ቁጥር “ነፍሰ ጡሯ ደህና ናት” እያሉ ይቀበሉን ጀመር።

ታዲያ በሳምንቱ መሀል ብትወልድብንስ? እንቅልፍ አጣሁ። አንድ ሐሙስ ሱቄን ዘግቼ ብቻዬን ሄድኩ። እማማ ጫልቱ ገበያ ወጥተዋል። እስስቷ የያዘችውን ቅርንጫፍ ቆርጬ ከነቅርንጫፉ ካርቶን ውስጥ ከተትኳት። እኔ ነኝ። ማንም አልገፋፋኝም። ታክሲ ውስጥ ካርቶኑን ጭኔ ላይ አድርጌ ልቤ ይዘል ነበር፤ ሜክሲኮ ስወርድ መንገደኛውን ሁሉ እያስቆምኩ ላሳይ ምንም አልቀረኝም። እህቴ የተከለችው ጤና አዳም ላይ አስቀመጥኳት። እህቴ ጮኻ የበረንዳውን በር ዘጋችብኝ፤ ለጥቂት ቀን ብቻ ነው ብዬ አረጋጋኋት።

ቅዳሜ ከመቅደስ ጋር ተመልሼ ሄድኩ፤ ብቀር ትጠረጥረኛለች ብዬ። መቅደስ አጥሩን ከጫፍ ጫፍ ፈተሸች፤ በመጨረሻ የተቆረጠውን ቅርንጫፍ አየች። በስለት እንደተቆረጠ ያስታውቃል። ቀና ብላ ያየችው እኔን አይደለም፣ እማማ ጫልቱን ነው።

“እማማ፣ ፈርተው ገደሏት አይደል?”

“ማርያምን አልነካኋትም! ትናንትም ስፈልጋት ነው የዋልኩት።”

“ቃል ገብተውልኝ ነበር እኮ!”

እሳቸው ወደ እኔ ዞሩ። “አንተስ ልጄ፣ እንዲህ ታስበኛለህ?” አሉኝ።

እስስቷ በዚያች ሰዓት ልደታ በረንዳ ላይ በሕይወት ነበረች። አንድ ቃል ይበቃ ነበር። ግን ከተናገርኩ ሳትወልድ መመለሷ ነው፤ ፎቶው ሊያመልጠኝ ነው። ይህን አስቤ፣ አውቄ፣ ዝም አልኩ። ዝም ማለቴ የመቅደስን ክስ ማመኔ መሰላቸው፤ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ወደ ቤት ገቡ።

እሁድ ጠዋት ወለደች። በስስ ልባስ የተጠቀለለ ነገር ጠብ አደረገች፤ ቅጠሉ ላይ ተለጠፈ፣ ተንፈራገጠ፣ ልባሱን ቀደደና ጥፍር የምታህል እስስት ብቅ አለች። አንድ ዓይኗን ወደ እኔ፣ ሌላውን ወደ ሰማይ አዞረች። መራመድ ጀመረች፣ ወዲያው! ደግሞ ሌላ፣ ደግሞ ሌላ። እየሳቅኩ እየጮህኩ አነሳ ነበር። እህቴ ፍርሃቷን ረስታ በመስኮቱ “ያውልህ፣ እዚያ ጋ ሌላ!” ትለኝ ነበር። እንደዚያ ቀን ተደስቼ አላውቅም። እማማ ጫልቱን አንዴም አላስታወስኳቸውም። ከዚህ የከፋ ምን ልናዘዝ?

ከቀናት በኋላ እናትና ልጆችን በካርቶን ይዤ ልመልሳቸው ሄድኩ። አጥሩ የለም። ቁጥቋጦው ከሥሩ ተመንጥሮ በቦታው ቆርቆሮ ቆሟል። ሳንኳኳ እማማ ጫልቱ ድምፄን ለዩት፤ በሩን ግን አልከፈቱም።

“እንስሳ ገደለች ከምባል አጥሩም ይቅርብኝ። በሰላም ሂድ ልጄ” አሉኝ ከውስጥ።

ካርቶኑ እጄ ላይ ነው። ውስጡ ይንኮሻኮሻል። ያን ጊዜስ ለምን አልተናገርኩም? ፎቶው በእጄ ነበር፤ የምፈራው ምን ቀርቶኝ ነው? በመቅደስ ዓይን ትንሽ ሰው እንዳልሆን ፈራሁ፣ ሌላ ምክንያት የለኝም። እስስቶቹን መንገድ ዳር፣ ቁጥቋጦ በሌለበት ባህር ዛፍ ሥር ለቅቄያቸው በመጣሁበት ተመለስኩ።

ለመቅደስ እዚያው አካባቢ ካለ ወንዝ ወዲያ ሌላ እስስት አገኘሁ አልኳት። ፎቶውን ስታይ አቅፋኝ አለቀሰች፤ “እንኳን አንተ አየህልኝ” አለችኝ። ፎቶው ይኸው ሦስት ዓመት ሜክሲኮ አንድ ካፌ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ሰው እየወሰደች ታሳያለች። እኔም ባየሁት ቁጥር መጀመሪያ የሚሰማኝ ደስታ ነው፤ ሐፍረቱ የሚመጣው ዘግይቶ ነው። ወደዚያ መንደር ግን መቅደስ ደግማ አልሄደችም። የእማማ ጫልቱ ነገር ሲነሳ “ያቺ ውሸታም” ትላለች፤ እኔም አጠገቧ ተቀምጬ ማኪያቶዬን እጠጣለሁ።

ይቅር በሉኝ አልላችሁም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም። መቅደስ፣ ይህን ካነበብሽ በኋላ የፈለግሽውን በዪኝ። የፊታችን ቅዳሜ ከቆርቆሮው በር ላይ ነኝ፤ ባይከፍቱልኝም ከውጭ ሆኜ፣ ጎረቤት እየሰማ እናገራለሁ። እማማ ጫልቱ አልነኳትም። ቅርንጫፉን የቆረጥኩት እኔ ነኝ።