የባንቺአየሁ ግማሽ

ይህ ከሆነ አራት ዓመት አለፈው፤ እስካሁን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ከጭንቅላቴ ያልወጣው ጥፋቱ የእኔ ሆኖ ሳለ ምስጋና ስላተረፈልኝ ነው። የልጅቷን ስም ለውጫለሁ።

እኔና ባንቺአየሁ ዳንግላ አንድ ትምህርት ቤት እናስተምር ነበር። ክረምት ክረምት ደግሞ አብረን ማስተርስ እንማራለን። ለየብቻ ላፕቶፕ ለመግዛት አቅሙ ስላልነበረን አንድ በጋራ ገዛንና በተራ እንወስደው ጀመር። ኮምፒውተር ነካ ነካ የማደርገው እኔ ስለነበርኩ ዲስኩን ለሁለት ከፍዬ ለእሷ ዊንዶውስ፣ ለራሴ ሊኑክስ ጫንኩበት። ሲበራ ሁለት መስመር ይመጣል፤ እሷ የእሷን ትመርጣለች፣ እኔ የእኔን።

«በቃ፣ ቤታችን ለየብቻ ነው» አልኳት። ከእሷ በኩል የእኔ አይታይም። ከእኔ በኩል ግን የእሷ ወለል ብሎ ይታያል። ይህን አልነገርኳትም።

የመመረቂያ ጽሑፏ የፈረስ ዕቃ በአዊኛ ምን ምን እንደሚባል ነበር። በጋሪም በእግርም ግምጃ ቤት ከተማ ድረስ እየሄደች የሽማግሌዎችን ድምፅ ቀዳች። ስልኳ ሲሞላ «ኮምፒውተሩ ላይ ገልብጪና ከስልክሽ አጥፊው» ያልኳት እኔው ነኝ።

ማስረከቢያው ሁለት ሳምንት ሲቀረው አማካሪያችን የእኔን ጽሑፍ ሰው ፊት ወረወረልኝና «ከእሷ ተማር!» አለኝ። ከእሷ ያየው ገና የመጀመሪያውን ምዕራፍ ብቻ ነበር። ደሜ ፈላ። ላፕቶፑን የመውሰድ ተራው የእኔ ነበር። ቤት ገብቼ በእኔ በኩል የእሷን ከፈትኩና ጽሑፏን አነበብኩት። እውነትም ጥሩ ነበር። የባሰ ያናደደኝም እሱ ነው። የእሷን ግማሽ ከነጽሑፉ ከነድምፁ ፎርማት አድርጌ አጠፋሁት።

በማግስቱ ተራዋ ደርሶ ላፕቶፑን ወሰደች፤ ብዙም ሳትቆይ ፊቷ አመድ መስሎ ይዛው ተመለሰች።

«የእኔን ስመርጥ ጥቁር ብቻ ነው የሚያመጣው። ምን ነክቼበት ይሆን? በሞቴ፣ አንተ ታውቅበታለህ፣ አውጣልኝ!»

የጠረጠረችው ራሷን ነው።

ሦስት ቀን አጠገቧ ተቀምጬ የምፈልግ መሰልኩ። ባሕር ዳር ወስዳ ለባለሙያ ብታሳየው ሊገኝ እንደሚችል አውቃለሁ። ስለዚህ እሷ የሽምብራ ቆሎ እያቀረበችልኝ፣ እኔ የጠፋው ዳግም እንዳይወጣ ባዶውን ግማሽ በላዩ ፊልም እየገለበጥኩ ሞላሁት። በመጨረሻ «አልቻልኩም» ስላት ብዙ አለቀሰች። ከዚያ ዓይኗን ጠረገችና «አንተንም አደከምኩህ፣ ወንድሜ» አለችኝ።

እኔ በዚያው ዓመት ተመረቅሁ፤ መጥታ አጨበጨበችልኝ። እሷ እንደገና ሽማግሌዎቹ ዘንድ ሄደች። ሁለቱ ሞተዋል። አንደኛው «ያን ጊዜ የነገርኩሽን የት ጣልሽው?» ብለው ተቆጥተው መለሷት። ከቀሩት ያገኘችውን ይዛ፣ ከበፊቱ የሳሳ ጽሑፍ አዘጋጅታ በዓመቱ ተመረቀች።

አንድ ቅጂ ሰጠችኝ። የምስጋናው ገጽ ላይ ከእናቷ ቀጥሎ የእኔ ስም አለ፤ «ሦስት ቀን ሙሉ ከጎኔ ላልተለየው» ይላል።

ይጸጽትሃል ወይ ብትሉኝ፣ አዎ፣ ይጸጽተኛል። ብዙ ጊዜ ልነግራት ተነስቼ ተመልሻለሁ። የሚመልሰኝ ግን እፍረት ብቻ አይደለም። ያንን ገጽ ማጣት አልፈልግም።