ኦቻንና «መድን» የሚለው ቃል

ትናንት የጤና ጣቢያው ካርድ ክፍል ያለችው ልጅ «ጋሼ፣ መድን አለዎት?» ስትለኝ ሳቄ አመለጠኝ። ምን እንዳሳቀኝ ጠየቀችኝ፤ የቱን ከየቱ ልንገራት ብዬ ተውኩት። ያንን ሳቅ የሚጋራኝ ሰው አንድ ብቻ ነበር።

በወጣትነቴ ከጓደኛዬ ከኦቻን ጋር ባሮ ወንዝ ዳር አንዲት የሣር ክዳን ቤት ውስጥ አብረን እንኖር ነበር። በአንድ መዘምራን እንዘምራለን፤ የበቆሎ ገንፏችንን በአሳ ከአንድ ሳህን እንበላለን። ምርጫ ሲመጣ ግን እሱ ለአንዱ ፓርቲ፣ እኔ ለሌላው ቀሰቀስን። የእኔው «ሰው ሳይታመም ያዋጣ፣ ሲታመም በመዋጮው ይታከም» ይላል። የእሱ «መጀመሪያ ጤና ኬላው መድኃኒት ይኑረው፣ ከዚያ መዋጮ ጠይቁ» ይላል። እውነት ለመናገር ሁለቱም ደግ ሐሳብ ነበር። ገንፎው እስኪበርድ እንከራከርና ስንጠግብ እንተወዋለን።

አንድ እሑድ ከአምልኮ በኋላ፣ ማንጎ በሚረግፍበት በዚያ ሙቀት፣ ሕዝቡ ዛፍ ጥላ ሥር ተሰበሰበ። ከደጋ የመጣው ዕጩአችን በአማርኛ ይናገራል፤ እኔ ወደ አኙዋክኛ እመልሳለሁ። «ለየቤተሰቡ የጤና መድን እናመጣለን» አለ። እኔ ደግሞ አማርኛን የተማርኩት ከመዝሙር ነው፤ በመዝሙር መድኅን ማለት ጌታ ነው። ድምፄን ከፍ አድርጌ «በየዓመቱ የምታዋጡለት አዳኝ እናመጣላችኋለን» አልኩ።

ከዚያ መዘምራኑ ሁሉ «እናቴ» የሚሏቸው አሮጊት ተነሡ።

«ልጄ፣ የኛ አዳኝ አንዴ ከፍሎልናል። የሚከፈልበትን ለራሳችሁ ያዙት።»

ሰዉ በሳቅና በጭብጨባ አበደ። ምስኪን ዕጩአችን የተጨበጨበለት መስሎት እጅ ነሣ። ለዚያ ሰፈር «አዳኝ ሻጮች» ሆነን ቀረን፤ በድምፅም ተዘረርን።

ስህተቴን ያወቅሁት ውጤቱ ከተነገረ በኋላ፣ ዕጩው የቃሉን ትርጉም ሲያስረዳኝ ነው። ወዲያው የታየኝ ግን ኦቻን ነው። ያን እሑድ ከሰዉ ኋላ ቆሞ ነበር። መቱ ተምሮ የመጣ ስለሆነ አማርኛ ከእኔ ይልቅ እሱ ይችል ነበር። ዓይን ለዓይን ስንገጣጠም አቀርቅሮ ነበር።

ቤት ገብቼ «ታውቅ ነበር አይደል?» አልኩት።

«አውቅ ነበር። ግን አንተን ካረምኩ ለእናንተ ቀሰቀስኩ ማለት ነው።»

«ወንድምህ እኮ ነኝ!»

«ቤት ውስጥ ነህ» አለኝ።

ዝናቡ የጎግ ወረዳን መንገድ ሳይዘጋው ፓርቲው ሥራ ሰጥቶት ኦቻን ወደዚያ ሄደ። ዕቃውን ሲያወጣ እኔ ወንዝ ወርጄ ነበር፤ ስመለስ ያቺ ጠባብ ቤት ሰፍታ ጠበቀችኝ። ዝናቡን ብቻዬን ሳዳምጥ የከረምኩት ያን ክረምት ነው።

መድኑ ከዓመታት በኋላ መጣ። ዛሬ ቃሉን የሚያምታታ የለም፤ ሁሉም ፓርቲ «እኔ ነኝ ያመጣሁት» ይላል። በሽንፈቱ ተቆጭቼ አላውቅም፤ የተሸነፈ በአምስት ዓመቱ እንደገና ይወዳደራል። የምናገረውን እሺ የሚለኝ ሰውም ሞልቷል። ተከራክሮኝ እዚያው አብሮኝ የሚያድር ግን ከኦቻን ወዲህ አላገኘሁም።