ጋሼ የነጠቁኝ አሲስት

እኛ የፒያሳ ጎልማሶች ቅዳሜ ጠዋት አምስት ኪሎ ቅርጫት ኳስ እንጫወታለን። ስንዘል ጉልበታችን የሚያሰማው ድምፅ ምኒልክ አደባባይ ያለውን ፈረስ ያስደነብራል።

ለእኔ ያወጡልኝ ስም «ሙዳየ ምጽዋት» ነው። እጄ ኳስ ይገባል እንጂ አይወጣም። ያራዳ ቅጽል ደግሞ አንዴ ከተለጠፈ ቀብርህ ላይም ይነበባል። ስለዚህ ባለፈው ቅዳሜ ይቺን ስም የምትፍቅ አንዲት አሲስት ለማግኘት ተስዬ ሄድኩ።

አሲስት ማለት ኳሷን ታቀብላለህ፣ ተቀባዩ ወዲያው ያገባል፣ ለአንተም ይቆጠርልሃል። ከጉርሻ አይለይም፤ ሰውየው ካልዋጠልህ አጎረስኩ ማለት አትችልም። ቃሉ ሥሩ ላቲን ነው አሉ፤ ትርጉሙም «አጠገብ መቆም»። እንግሊዞች ወስደው «ማገዝ» አደረጉት። የእኛ ቡድን ግን እስከዛሬ ላቲኑ ላይ ነው፤ ሁሉም አጠገብህ ይቆማል፣ የሚያግዝህ የለም።

እኩል ለእኩል ሆነን የመጨረሻዋ ኳስ እጄ ገባች። ቁም ሳጥን የሚያካክሉ ሁለት ተከላካዮች ከበቡኝ። ቅርጫቱ ሥር የቡድናችን አዛውንት፣ ጡረተኛው ጋሼ፣ ብቻቸውን ቆመዋል። ወረወርኩላቸው።

«ጋሼ፣ ያግቧት!»

«ኧረ በስመ አብ! አንተ ለፍተህ እኔ? አይሆንም!» ብለው ኳሷን መለሱልኝ።

«በሞቴ ጋሼ!» መልሼ ላክሁላቸው።

ተከላካዮቹ እጃቸውን አወረዱ። በሰው ግብዣ መሃል ማን ይገባል? እንዲያውም አንደኛው፣ «ጋሼ፣ በሞቴ ብሎዎታል እኮ፣ እሺ ይበሉት» ብሎ ለመነልኝ።

ጋሼ ወይ ፍንክች! «አፈር ስሆን! ይቺን የምታገባት አንተ ነህ» አሉና ኳሷን እንደ ሕፃን እጄ ላይ አስተኟት።

የታላቅ «አፈር ስሆን» እንዴት ይገፋል? አገባሁ።

አሸነፍን። ጭብጨባው ቀለጠ፤ ለጋሼ። ዳኛችን ፀጉር አስተካካይ ነው፤ እንደ ልማዱ ጆሮ የሚቆርጥ ድምፅ አውጥቶ፣ «አሲስት፣ ጋሼ!» አለ።

«ቀድሜ ያቀበልኩት እኔ አይደለሁም እንዴ?»

«አንተ የሰጠሃት ገባች? አልገባችም። ዝም በል፣ ሙዳይ!»

ከጨዋታው በኋላ ፒያሳ ከመፍረስ ከተረፉት ካፌዎች ባንዱ ማኪያቶዬን ሳማስል ጋሼ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ።

«ምነው ተከዝክ? አይዞህ ልጄ፣ የሚመጣው ቅዳሜም እኔው አቀብልሃለሁ።»